የሳፍታ የተሰባበረ ምስል

ጎረቤቴ ሳፍታ በሯ በተንኳኳ ቁጥር ቴሌቪዥኗን ማጥፋት የጀመረችው ብርዱ ሲገባ ነው። እኔ ደግሞ ቶሎ የምቀየም ሰው ነኝ፤ "ምን የምትደብቂኝ አለ?" ብዬ አኮረፍኳት። በዚያ ሰሞን ፊቴ ላይ ጠጋ ብላ ስታፈጥብኝም ሽብሽቤን የምትቆጥር መስሎኝ በግኛለሁ።

ለካ ፈርታ ነው። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ፊታቸው እየተሰባበረ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሆንባት ነበር። እናቷ ዓይኗ ሊጠፋ ሲል የሰው ፊት ተቆራርሶ ይታያት እንደነበር አልረሳችም። ጣሊያን አገር ቶሪኖ ያለችው ልጇ ዶይና ደግሞ፣ "ማየት ያቃተሽ ቀን ቤቱን ሸጬ እወስድሻለሁ" ብላታለች። ለሳፍታ የተወለደችበትን ቤት ትቶ ቋንቋውን በማታውቀው አገር አራተኛ ፎቅ ላይ መታጎር ከሞት ይብሳል። ስለዚህ የቴሌቪዥን ባለሙያ አልጠራችም። መጥቶ "ምስሉ ደህና ነው" ቢላትስ? ያኔ የተበላሸው ዓይኗ ነው ማለት ነው።

አንድ እሁድ በቴሌቪዥኑ ቅዳሴ እየተላለፈ ሳለ ሳላንኳኳ ገባሁባት።

"ኧረ በስመ አብ! ቄሱን ምን ነካቸው? ረግቶ በክር እንደሚቆረጥ ማማሊጋ ገንፎ ተቆራርጠዋል እኮ!"

ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"ኦሊምፒያ፣ በእመቤቴ ይዤሻለሁ፣ ላንቺም ታየሽ?"

"ዕውር ነኝ እንዴ የማይታየኝ?"

ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ምክንያቱን ስትነግረኝ እኔም አለቀስኩ፤ ከዚያ ሰደብኳት።

"አንቺ ጅል! ብርዱን ሙሉ ይህን ብቻሽን ተሸክመሽ?"

ሰኞ ባለሙያው ዩሊያን መጣ። ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን መቀበያ ሳጥን ነቅሎ ሰካ፤ ለውጥ የለም። ገመዱን ተከትሎ ሄዶ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ሥዕለ አድኅኖ ሥር ቆመ። ሲገጥመው ሰፋ አድርጎ ጠቅልሎ ያንጠለጠለውን ቀጭን ገመድ ሳፍታ ቤቴን አበላሸብኝ ብላ አጣጥፋ፣ ከክፉ ዓይን እንዲጠብቅላት በቀይ ክር ጥፍር አድርጋ አስራዋለች።

"እትዬ ሳፍታ፣ ይሄ እኮ ውስጡ መስታወት ነው፤ የሚሄድበት ብርሃን ነው። እንዲህ ሲታጠፍ ብርሃኑ ያመልጣል።"

"እኛ ጥጃም በቀይ ክር ነው የምናስረው" አልኩት።

"ጥጃ ቴሌቪዥን አያሳይማ" አለኝ።

ክሩን ቆርጦ ገመዱን ለቀቅ ሲያደርገው ምስሉ ኩልል ብሎ ጠራ። ሳፍታ ትስቃለች ብዬ ዞር ስል ፊቷ አመድ መስሏል።

"ባለፈው ወር ለዶይና እሺ ብያታለሁ" አለች። "ፍርሃቱ አሸነፈኝ። ዓይኔ ደክሟልና ውሰጂኝ አልኳት።"

"ታዲያ አሁኑኑ ደውለሽ ንገሪያት!"

ደወለች። የዶይና ድምፅ ከስልኩ አልፎ እኔ ጆሮም ደረሰ።

"እማ! ልደውልልሽ ስል ቀደምሽኝ! ልጆቹ ክፍልሽን ራሳቸው ቀለም ቀብተው ጨረሱ። እንቅልፍ እንኳ አልወስዳቸው ብሏል፤ አያታችን መቼ ነው የምትመጣው እያሉ!"

እኔ "ንገሪያት" ብዬ በእጄ ጎሸም አደረግኳት።

"ምን ቀለም ቀቡልኝ?" አለቻት ሳፍታ ልጇን።