ክዳኑ ላይ የተጻፈ ቁጥር

ላቦራቶሪው ውስጥ ሁሉም ሰው «ሞግዚቷ» ነው የሚላት። በስሟ የሚጠራት አስተዳደሩ ብቻ ነው፤ እሱም ሊወቅሳት ሲፈልግ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ የሰው ሴል ማሳደግ ነው። ከሰው ገላ ላይ የሩዝ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ተቆርጣ ትመጣላታለች። እሷ ቁራጯን በትንሽ የፕላስቲክ ሳህን ላይ ታሳርፋለች፣ ሮዝ ቀለም ያለው ፈሳሽ ታጠጣለች፣ የገላ ሙቀት ያለው ማሞቂያ ሣጥን ውስጥ ታስገባለች፤ ሁለት ሳምንት ሲሞላ ሴሎቹ ተባዝተው ሳህኑን ይሸፍኑታል። ሴሎቹ እሑድ አያውቁ፣ በዓል አያውቁ፤ በየሁለት ቀኑ ፈሳሻቸው ካልተቀየረ ይሞታሉ። ልጇ ትንሽ ሳለች «እማዬ፣ እኔም ሳህን ውስጥ ልግባና ቶሎ ቶሎ ነይልኝ» ብላት ነበር። ያን ጊዜ ስቃ አለፈችው፤ ሲያድር ግን ቆጫት።

የጀመረችው በቆዳ ነው። እሳት ለበላቸው ሰዎች ከራሳቸው ጭን ላይ ከተነሣች ቁራጭ፣ መዳፍ የሚያህል ስስ ቆዳ ታሳድግ ነበር። ቀጥሎ ወደ ፀጉር ሥር ገባች። የፀጉር ሥር ማለት ዝም ብሎ ፀጉር የሚበቅልበት ጉድጓድ እንዳይመስላችሁ። ስቴም ሴል የሚባሉት፣ ሥራ እስኪመጣ ድረስ አድፍጠው የሚቀመጡት ሴሎች እዚያ አሉ፤ ቆዳ ሲላጥ ብድግ ብለው ቁስሉን ሊሸፍኑ ይወጣሉ። ይህን ነገር ቤተሰብ በተሰበሰበበት ቦታ አስረድታ ጨርሳ አታውቅም። የእህቷ ባል መላጣ ራሱን እያሻሸ ያቋርጣታል።

«ቁስሉን ተይውና፣ የኔ መቼ ነው የሚበቅለው?»

«ያንተማ ጊዜው አልፏል፤ ሥሩም ጠቅልሎ ሄዷል!»

ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ስለ ቁስሉ የጠየቃት ሰው ግን እስከ ዛሬ የለም።

ከዚያ የኮርኒያ ሥራ መጣ። ኮርኒያ የዓይናችን የፊት መስታወት ነው። ይህን መስታወት ከላይ ከላዩ የሚያድሱት ስቴም ሴሎች የሚኖሩት፣ የዓይን ጥቁሩ ከነጩ ጋር በሚገናኝበት ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱ ከተቃጠለ መስታወቱን የሚያድሰው ይጠፋል፤ ይደፈርሳል፣ ይነጣል፣ ዓይኑም ማየት ያቆማል። ከተረፈው ዓይን ቀለበት ላይ ትንሽ ቆርጦ፣ አሳድጎ፣ የተቃጠለው ላይ መትከል ይቻላል። ወረቀት ላይ ሲነበብ ቀላል ነው።

ለሳኙ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። ሠላሳ ዓመት የሰው ቤት ግድግዳ ሲለስን የኖረ ሰው፣ አንድ ቀን በርሜል ውስጥ ኖራ ከውኃ ጋር ሲያማታ ኖራው ፈልቶ ፊቱ ላይ ተረጨበት። ቀኝ ዓይኑ እንዳለ ነጣ። ግራውም ግማሹን ተቃጥሎ፣ ሰው መቆሙን ያያል እንጂ ማን እንደቆመ አይለይም። ቀለበቱ ላይ ደህና ሆና የተረፈችው ቦታ ከጥፍር ጫፍ አትበልጥም። ሐኪሞቹ ለቀኝ ዓይኑ የሚተከለውን የቆረጡት ከዚችው ቦታ ላይ ነው፤ ደግመው ከቆረጡ ግራውም እንደሚጠፋ እቅጩን ነግረውታል። ስለዚህ የሰውየው ዕድል አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ሞግዚቷ እጅ፣ ሳህን ውስጥ።

ለሳኙ በየጠዋቱ ይደውላል።

«እህት ዓለም፣ ልጆቹ እንዴት አደሩ?»

«ደህና ናቸው ጋሼ። ሰነፎች ናቸው እንጂ፤ ገና ከአንድ ጥግ አልተነሡም።»

«በኔ ወጥተው ነዋ! እኔም ቶሎ አልነሣም፤ አንዴ ከተነሣሁ ግን የሚያስቀምጠኝ የለም።»

እውነትም በእሱ የወጡ ይመስሉ ነበር። በዚያው ሣጥን ውስጥ የአንዲት የኮሌጅ ተማሪ ሴሎችም ነበሩ፤ የእሷ አንድ ዓይኗ ብቻ ነው የተጎዳው፣ ሁለተኛው ጤነኛ ነው። የተማሪዋ ሴሎች እየተበታተኑ ይሮጣሉ፤ የለሳኙ ደግሞ ትንንሽ ናቸው፣ ተጠጋግተው፣ ተደጋግፈው፣ አንዱ ሳይደላደል ሌላው አይቀጥልም።

አሁን ስለ ክዳኑ ልንገራችሁ። እያንዳንዱ ሳህን ላይ የታካሚው ቁጥር ይጻፋል። የት ይጻፋል የሚለው ነገር የጨዋታ ይመስላል፤ ሞግዚቷ ግን አራት ዓመት ተጣልታበታለች። ሴል ያሳደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው፤ ቁጥር የሚጻፈው ሳህኑ ራሱ ላይ እንጂ ክዳኑ ላይ አይደለም። ክዳን ይነሣል፤ የሚነሣ ነገር ይቀያየራል። የላቦራቶሪው ኃላፊ ዶክተር ግን ሴሎቹን ፎቶ የሚያነሣው ከሥር ወደ ላይ በሚያይ ማይክሮስኮፕ ነው። የሳህኑ መቀመጫ ላይ ጽሑፍ ካለ ፎቶው ይበላሽበታል። ፎቶው ደግሞ ለሚያሳትመው ጥናት ያስፈልገዋል፣ ጥናቱ ለማዕረጉ ያስፈልገዋል። በጎኑ እንጻፍ ብትለው «በአልኮል ሲወለወል ይጠፋል» አላት። ክዳኑ ላይ ይጻፍ ተባለ።

ሁለት ጊዜ በደብዳቤ አመለከተች። ሁለቱም ደብዳቤዎች ጥግ ላይ «ታይቷል» ተብሎባቸው ተመለሱ። ታይቷል! ማን አየው? ምን አየ? ለራሷ አንድ ሕግ አወጣች፤ የሁለት ሰው ሳህን አንድ ጠረጴዛ ላይ አይገናኝም፤ አንዱ ተመልሶ ሣጥኑ ውስጥ ሳይገባ ሌላው አይወጣም። አራት ዓመት በዚህ ሕግ አንድም ስህተት አልተፈጠረም። ስህተት ስላልተፈጠረም ነገረኛ ተባለች። «አየሽ፣ ምንም አልሆነም እኮ» ይላት ነበር ዶክተሩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን የለሳኙ ሳህን ሞላ። ቀዶ ጥገናው በሁለት ቀን ውስጥ ነው። ያን ቀን ጠዋት እንግዶች መጡ፤ ማን እንደላካቸው፣ ምን ሊያዩ እንደመጡ እስከ ዛሬ አልገባትም። እሷ ጓዳ ውስጥ የናይትሮጂን ጋን ስትረከብ ዶክተሩ ራሱ እንግዶቹን ይዞ ገባ። ተመልሳ በመስታወቱ በር ስታይ፣ ሁለት ሳህኖች አንድ ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ክዳኖች ተነሥተው፣ ተገልብጠው፣ አጠገባቸው። ክው አለች። በሩን በጡጫዋ መታችው። ዶክተሩ ዞር ብሎ ፈገግ አለና ክዳኖቹን አንሥቶ ገጠማቸው፤ እንግዶቹም አጨበጨቡ።

እንግዶቹ እስኪወጡ ድረስ ጥርሷን ነክሳ ጠበቀች።

«ዶክተር፣ የትኛው ክዳን የትኛው ላይ ነበር?»

«የቀኙ የለሳኙ ነው። ክዳኑ ላይ አለ እኮ፣ አንብቢው።»

«ክዳኑንማ አነባለሁ። ቅድም የነበረበት ላይ መልሰውታል ወይ ነው የምልዎት።»

«መልሼዋለሁ ማለት ይቻላል።»

«ማለት ይቻላል ተብሎ የሰው ዓይን ውስጥ ነገር አይገባም!»

ፊቱ ቀላ። ከዚያ ድምፁን ለስለስ አደረገ። «አንቺ ታውቂያቸው የለ? እስቲ እይልኝ።»

ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፋች። የቀኙን አየች፤ የተበታተኑ፣ የሚሮጡ። የግራውን አየች፤ ትንንሽ፣ ተጠጋግተው፣ ተደጋግፈው። ዶክተሩ ክዳኖቹን አቀያይሯቸዋል። ዝም ብትል ኖሮ የተማሪዋ ሴሎች የለሳኙ ዓይን ውስጥ ይገቡ ነበር፤ የሌላ ሰው ሴል ስለሆኑ ገላው ይዋጋቸዋል፣ ዓይኑም እስከ ወዲያኛው ይበላሻል። እሷ ግን አወቀች፤ የለሳኙ የግራው ሳህን ነው። ልጇን ከትምህርት ቤት ልጆች መሐል በአካሄዷ የምትለያትን ያህል አወቀች።

«እና?» አለ ዶክተሩ።

አፏ ድረስ መጣ። ግራው ነው ብትል ይቀበላት ነበር፤ ፊቱ ላይ የሚታየው ሌላ አልነበረም፤ «ከዚህ ጉድ አውጪኝ» ነው። ደግሞስ ብትሳሳት? ስህተቱ የማን ሊሆን ነው? የእሱ ተረስቶ የእሷ ሊሆን! አራት ዓመት «ታይቷል» ሲላት ኖሮ ዛሬ ዓይኗን ሊዋስ! ንዴቱ የት፣ ጥንቃቄው የት እንደሆነ ለራሷም አልለይ አላት።

«ምርመራ ይላክ» አለች። «እኔ በዓይን አልፈርምም።»

ሴሎቹ የማን እንደሆኑ የሚለየው ምርመራ ዘጠኝ ቀን ይወስዳል። የሞላ ሳህን ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፣ ቢያቀዘቅዙትም አይተርፍም። ይህን ሁለቱም ያውቃሉ። ቀዶ ጥገናው ተሰረዘ፤ ለሕመምተኛው የተላከው ወረቀት «በቴክኒክ ምክንያት» ይላል። የለሳኙ ስልክ በማግሥቱም በሦስተኛውም ቀን ጮኸ፤ ሞግዚቷ አላነሣችም። የሴሎቹን ፈሳሽ ግን ትቀይርላቸው ነበር፣ ምን እንደሚጠቅማቸው እንጃ። በአምስተኛው ቀን ከዳር ዳር መላጥ ጀመሩ። በሰባተኛው ቀን ተንሳፈፉ። በገዛ እጇ አስወገደቻቸው።

በዘጠነኛው ቀን ውጤቱ መጣ። የግራው የለሳኙ ነበር።

በዚያው ሳምንት መመሪያ ወጣ። ከእንግዲህ ቁጥር የሚጻፈው ሳህኑ ራሱ ላይ ነው፤ «በላቦራቶሪው ኃላፊ አነሳሽነት» ይላል ከላዩ። ሞግዚቷ መመሪያውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መሳቅ አማራት፣ አልመጣላትም። የተማሪዋ ችግር ቀላል ነበር፤ ከጤነኛው ዓይኗ እንደገና ተቆርጦላት ተራ ያዘች። ለሳኙን ማን ይንገረው ሲባል ግን ሁሉም ወረቀቱ ላይ አቀረቀረ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ወደቀ።

ለሳኙ ብቻውን መጣ። የእንግዳ መቀበያው ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ፣ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማት። ክዳኑን፣ እንግዶቹን፣ ምርመራውን፣ ውጤቱን፣ አንድም ሳታስቀር ነገረችው። እንዲጮህባት ፈልጋ ነበር። አልጮኸም።

«የኔ የትኛው እንደሆነ፣ ወረቀቱ ሳይመጣ አውቀሽ ነበር?» አላት።

«አውቄ ነበር ጋሼ።»

«ስንት እጅ እርግጠኛ ነበርሽ?»

ልትዋሸው አሰበች፤ አልሆነላትም። «ልጄን የማውቃትን ያህል።»

 አጠገቡ ያለውን ግድግዳ በመዳፉ አንዴ ዳሰሰና እጁን መለሰ።

«እኔ ስለስን ውሃ ልክ የምይዘው ለተቆጣጣሪው ብዬ ነው። ግድግዳው መቃናቱን እጄ ቀድሞ ያውቀዋል። ለዶክተሩ ባትነግሪው አይገርመኝም። እሱ ምን ያውቃል? እኔን ግን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«ብሳሳትስ ብዬ ነው። ሕጉም አይፈቅድም።»

«ዓይኑ የማን ነው? ብትሳሳቺ የሚጠፋው የኔ። አሁንስ ምን ቀረልኝ?» ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አነሣ። «ደውለሽ ‹የግራው ሳህን ነው የሚመስለኝ ጋሼ፣ ምን ትላለህ?› ብትይኝ፣ ‹ክተቺው› ነበር የምልሽ። አንዴም አላስብም ነበር።»

ሞግዚቷ ይህን ታውቅ ነበር። ስልኩን ያላነሣችውም ስለዚሁ ነው።