ማርያም የሳመችን

እኔን ማርያም የሳመችኝ ጉንጬ ላይ ነው፤ አክስቴን ተረከዛቸው ላይ። ሰው ገላ ላይ ጥቁር ነጥብ ስትታይ እንዲያ እንላታለን። የአክስቴ ግን በአንድ ክረምት ዳር ዳሯ ተሸራርፎ ሰፋች፤ ቆሰለችም። ሥራዬ ከሰው ገላ የተቆረጠ ሥጋ በማይክሮስኮፕ እያየሁ ደኅና ነው፣ ክፉ ነው ማለት ስለሆነ፣ ከሉማሜ ደብረ ማርቆስ አስመጣኋቸው።

«ይቆረጥና ልየው» ብላቸው፣ «ማርያም የሳመችውን ማን ያስቆርጣል? አንቺስ የራስሽን መቼ አስቆረጥሽ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። «እንግዲያው እኔም አስቆርጣለሁ» አልኩ። በአንድ ቀን ተቆረጥን።

ከሁለታችን የተቆረጠው ሥጋ በስሱ ተከትፎ የተለጠፈበት ስላይድ የደረሰ ዕለት አክስቴ ደጅ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኛል። የእሳቸውን ማስቀደም ነበረብኝ። እጄ የራሴን አነሳ። ለካ ስቀልድበት የከረምኩት ጉንጬ ሲያስፈራኝ ኖሯል። ሴሎቹ ጎጆ ጎጆ ሠርተው ተቀምጠዋል፤ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር መጠናቸው እያነሰ፣ እየረጉ ይሄዳሉ። ደኅና ነው። ብቻዬን ሳቅሁ። ይባስ ብዬ የምትታጠፈውን መስታወቴን አውጥቼ፣ ጠባሳው መልኬን ያበላሸው ይሆን እያልኩ ስፌቴን አየሁ።

ከዚያ የእሳቸውን ማይክሮስኮፑ ሥር አደረግኩ። እዚህ ሥርዓት የሚባል የለም። ሴሎቹ ወደ ላይ እስከ ቆዳው ገጽ ተበትነዋል፤ ወደ ታች የወረዱትም አላነሱም፣ እዚያው ጥልቁ ውስጥ ይባዛሉ። አጉልቼ አየሁ፤ ያው ነው። ባልደረባዬን ጠርቼ አሳየሁት፤ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ካንሰር ነው። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። መስታወቱ ጠረጴዛው ላይ እንደተከፈተ ነበር።

ስወጣ አክስቴ ተነሡ። ዓይናቸው ጉንጬ ላይ ያለው ፕላስተር ላይ ነው።

«ያንቺስ?» አሉኝ። የራሳቸውን አልጠየቁም።

«የእኔ ደኅና ነው፣ እትዬ።»

«ተመስገን። በእኔ ግትርነት ፊቷን አስቆረጥኳት፣ ክፉ ቢወጣባት ምን ይውጠኛል እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነው የከረምኩት። ተስዬልሽ ነበር።»

«ለራስዎስ አልተሳሉም?»

«ለራሴማ ምን አሳለኝ፤ አንቺ አለሽልኝ አይደል?» አሉና የታመመ እግራቸውን ዘርግተው ተቀመጡ።

አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። መናገር ነበረብኝ፤ ቀና ብዬ ላያቸው ግን አልቻልኩም።