የዳይኖሰሩ ጅራት

ለልጅ ልጄ ደብረ ማርቆስ በተገዛላት መጽሐፍ ላይ ዳይኖሰሩ ጎንበስ ብሎ፣ ጅራቱን ወደ ኋላ ዘርግቶ ይሮጣል። "እማማ፣ ድሮ ጅራቱን መሬት ለመሬት ይጎትታል ይሉ ነበር፤ ተሳስተው ነው" አለችኝ።

ሉማሜ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ አውደ ርዕይ ከጥቁር ጭቃ ዳይኖሰር ሠርቼ ነበር። የመማሪያ መጽሐፉ ግን ዳይኖሰሩን እንደ ሰው ቀጥ ብሎ፣ ጅራቱን መሬት ላይ ጥሎ ያሳይ ነበር። አክስቴ ለየድግሱ ዶሮ እንድትበልት የምትጠራ ሴት ነበረች። ሽንኩርት ሽንኩርት በሚሸት እጇ መጽሐፉን ያዘችና ሳቀች።

"ምነው፣ እንደ ደብተራ መቋሚያ ተደግፎ ነው እንዴ የሚሄደው? እግሩ እኮ የዶሮ እግር ነው። ከዳሌው ጎንበስ ካላለ አንድ እርምጃ አይሄድም። ጅራቱን አንሺለት፣ ልጄ፤ ሚዛኑ እሱ ነው።"

አነሣሁለት። መምህሩ ግን "መጽሐፉን ካልመሰለ ለእይታ አይቀርብም" አሉኝ። እንዲቀርብልኝ በጣም እፈልግ ነበር። ጭቃው ሳይደርቅ ወገቡን አቀናሁት፤ ጅራቱንም መሬት ላይ አስተኛሁት።

በአውደ ርዕዩ ቀን አክስቴ ነጠላዋን አጣፍታ መጣች። ቆም ብላ ብዙ አየችው።

"ቆንጆ ነው። ብቻ አይሄድም" አለችና ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ አለፈች።

አክስቴ ከሞተች ብዙ ዘመን ሆናት። ለባለቤቴ ነግሬው የማላውቀው ነገር ይህ ብቻ ነበር፤ እሱም ዘንድሮ አረፈ። የልጅ ልጄን "ልክ ነሽ" አልኋትና ገጹን ገለጥሁላት። አክስቴ ያን ቀን ተቆጥታኝ ቢሆን ኖሮ ይቅርታ እጠይቃት ነበር።