ግድግዳው ሦስቴ ሲንኳኳ

ይህ የገጠመኝ ያለፈው ክረምት ሲገባ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አማርኛ ያስተማረ ሰው የግድግዳ ቋንቋ መተርጎም አቃተው ብል ትስቃላችሁ። ሳቁ። እኔ ግን ጠዋት በመጣ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

የምኖረው ዲላ ነው። ባለቤቴ ካረፈች ሦስት ዓመት ሆናት። ሁለቱም ጉልበቶቼ፣ የሰፈር ሰው እንደሚለው፣ ቅባታቸው አልቋል። አዲስ አበባ ያለችው ልጄ በደወለች ቁጥር «ካልተሻለህ ቤቱን ዘግተህ እኔ ጋ ትገባለህ» ትለኛለች። የምፈራው ይህንን ነበር። ኮንዶሚኒየም፣ ያውም አራተኛ ፎቅ! በነዚህ ጉልበቶች አንዴ ከወጣሁ የምወርደው በሳጥን ነው።

እሷው የሚንቀጠቀጥ ማሽን ላከችልኝ። የሰው ሚዛን ይመስላል፤ ይቆሙበታል። ጉልበቴን የምታይልኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ አይታው «በዝቅተኛው ያድርጉት፤ ወንበር ይያዙ፤ በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል» አለችኝ። ጠዋት ጠዋት ላዩ ላይ ቆሜ ጉልበቴን አጠፍ ዘርጋ እያደረግኩ፣ እንደ ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ እቆጥራለሁ። ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የሰው ድምፅ ያ ብቻ ነበር። ቡፌው ውስጥ ያሉት የባለቤቴ ብርጭቆዎችም አብረውኝ ይንጫጫሉ።

አንድ ሳምንት እንደሠራሁ፣ ማሽኑ ሲቆም የጓዳው ግድግዳ ከወዲያ በኩል ሦስት ጊዜ ተንኳኳ። በማግስቱም እንደዚያው። ከግድግዳው ወዲያ አንዲት አሮጊት እንደተከራዩ ሰምቻለሁ፤ በራቸው በታችኛው መንገድ ስለሆነ ግን ተያይተን አናውቅም። አፈርኩ። ዕድሜዬን ሙሉ «ዝም በሉ!» ስል ኖሬ፣ በስተርጅና ዝም በል ተባልኩ። ማሽኑን አልጋ ስር ከተትኩት።

ጉልበት ግን ይሉኝታ አያውቅም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከአልጋ መነሳት ራሱ ሥራ ሆነብኝ። ልጄ ስትደውል «ደህና ነኝ» አልኳት፤ ድምፄ አሳበቀብኝ። «በሚመጣው ሳምንት መጥቼ እወስድሃለሁ» አለች።

በዚያው ሰሞን፣ ካፊያ እያለ፣ የውጭ በሬ ተንኳኳ። ሦስቴ። ስከፍት ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ጫማቸው በጭቃ ተለውሷል።

«መምህሩ እርስዎ ነዎት? ዘሀራ እባላለሁ፤ የጀርባ ጎረቤትዎ ነኝ።»

ቶሎ ብዬ «ይቅርታ፣ ረብሼዎታለሁ። ከእንግዲህ አይሰሙትም» አልኳቸው።

«ኧረ ወላሂ! እኔስ ድምፅዎ ሲጠፋ አንድ ነገር ሆነው ነው ብዬ ደንግጬ መጣሁ» አሉ። «እኔም እኮ ጉልበቴ ነው። ማሽን የለኝም፤ ግድግዳ ይዘሽ ቁጭ ብድግ በዪ ተብያለሁ። ብቻዬን ይሰለቸኛል። እርስዎ ሲቆጥሩ እኔም አብሬ እሠራለሁ። ሲያበቁ የማንኳኳው ጨርሻለሁ ለማለት ነው።»

እንባዬ መጣ። በካፊያው አሳበብኩ።

ማሽኑ ከአልጋ ስር ወጣ። እኔ ስቆጥር እትዬ ዘሀራ ያንኳኳሉ፤ እኔም መልሼ አንኳኳለሁ። ቁጥሩን ሳበዛ በከዘራቸው ቶሎ ቶሎ ይደበድቡታል፤ «ሊገድሉኝ ነው?» ማለታቸው ነው። ልጄ መጥታ ስራመድ አየችና ብቻዋን ተመለሰች። ከእትዬ ዘሀራ ጋር ቤት ለቤት ብዙም አልተጠያየቅንም፤ መንገዱ ዙሪያ ጥምጥም ነው። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥምቀት ሲደርስ ልጃቸው መጥቶ ወደ ሀዋሳ ወሰዳቸው። እኔ የፈራሁት እሳቸው ላይ ደረሰ። በሄዱበት ጠዋት መኪናው ቆሞ እየጠበቀ እንኳ ቆጥሬ እስክጨርስ ሠሩ፤ ከዚያ አንኳኩ።

አሁን ክፍሉን ተማሪዎች ተከራይተውታል። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ሙዚቃቸውን ሞቅ አድርገው ከፍተው ነበር። ቤቴ ድምፅ ስላገኘ ደስ ብሎኝ ቆጠርኩ። ስጨርስ፣ እጄ ለምዶ፣ ግድግዳውን ሦስቴ አንኳኳሁ።

ሙዚቃው ወዲያው ጸጥ አለ።

ከዚያ ወዲህ ከግድግዳው ወዲያ ኮሽታ የለም፤ ጨዋ ልጆች ናቸው። ባለቤቴ ከተቀበረች ጀምሮ እንደዚያ ጠዋት ብቸኝነት ተሰምቶኝ አያውቅም። ዞሬ ሄጄ ልነግራቸው በየቀኑ አስባለሁ። ጉልበቴ እንደሆነ አሁን ይችላል፤ እኔ ነኝ ያልቻልኩት። «ዝም በሉ» ማለቴ አልነበረም። «ጨርሻለሁ» ማለቴ ነው።