ስሙ ያልተነገረው መጽሐፍ

ፈዲላ ሰይድ ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር፣ ከአባቷ በወረሰችው የስፌት መኪና ልብስ ትሰፋ ነበር። ስምንተኛ ክፍል ወድቃ ትምህርቱን ከተወች ወዲህ ከሥራ የተረፋት ጊዜ ሁሉ የልብወለድ ነበር። ከአስተማሪዎች ትዋሳለች፤ ደሴ የሚመላለሱ ሾፌሮችን ታስገዛለች፤ የሚነበብ ስታጣ ያነበበችውን ትደግማለች።

በ1970 ዓ.ም. ክረምት አንዲት ገበሬ የጌሾ ሸክሟን ይዛ ከዝናብ ለመጠለል በረንዳዋ ላይ ተቀመጠች። ጸዳለ ትባላለች፤ ከሐይቁ ማዶ ነው የምትመጣው። ፈዲላን በዐሥር ዓመት ትበልጣታለች፤ ፊደል ግን አልቆጠረችም።

«ብቻሽን የሚያስቅሽ ምንድነው?» አለቻት።

ፈዲላ ከያዘችው መጽሐፍ አንድ ገጽ አነበበችላት። ዝናቡ አባራ፤ ጸዳለ አልተነሣችም። ከዚያ ወዲህ በየገበያው ቀን ጌሾዋን ሸጣ ስትጨርስ በረንዳው ላይ ትቀመጣለች፤ ፈዲላም መኪናዋን አቁማ ታነብላታለች።

ያ መጽሐፍ መጨረሻው ተቀዶ ነበር። ጸዳለ ይህን ስትሰማ ተቆጣች። «ሰውን ሜዳ ላይ ጥሎ መሄድ ምን ይሉታል?» አለች። ፈዲላ አዘነችላት። በሳምንቱ መጨረሻውን ራሷ ደብተር ላይ ጻፈችና ደብተሩን በመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ ሸጉጣ፣ «ሙሉውን አገኘሁልሽ» ብላ አነበበችላት። ጸዳለ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ፈዲላ ያን ቀን የተሰማትን ደስታ በሕይወቷ አታውቀውም ነበር።

ቀጥሎ ከራሷ አፍልቃ ሌላ ታሪክ መጻፍ ጀመረች። ባለታሪኳ ሐቢባ የምትባል የአምባሰል ሴት ናት፤ ባሏ ሲሞት ዘመዶቹ ንብረቱን ሊካፈሉ ሲመጡ፣ በቅሎዎቹን ጭና ባቲ ወርዳ መነገድ ትጀምራለች። ፈዲላ በሳምንት በሳምንት እየጻፈች፣ በዚያው ሽፋን ውስጥ ደብቃ፣ ከመጽሐፍ እንደምታነብ ሆና ታነባለች።

ጸዳለ ዝም ብላ የምትሰማ አልነበረችም። ሐቢባ አንዷን በቅሎ ልትሸጥ ስትል፣ «ተይ፣ እንዳትሸጣት፣ ነገ በምን ልትጭን ነው?» ብላ አቋረጠቻት። ፈዲላ ሳምንቱን ሙሉ አሰበችበትና በቅሎዋን ሳታስሸጣት ቀረች።

«አየሽ» አለች ጸዳለ ደስ ብሏት፣ «ይሄ የጻፈው ሰውዬ እንደኔ ነው የሚያስበው። ባገኘው ጉልበቱን እስመው ነበር።»

ፈዲላ እኔ ነኝ ልትል ከንፈሯ ላይ ደርሶ መለሰችው። ስምንተኛ ክፍል የወደቀች ልብስ ሰፊ የጻፈችውን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል ብላ አፈረች። ደግሞም ፈራች፤ ዘመኑ በእጅ የተጻፈ ወረቀት የሚያስጠይቅበት ዘመን ነበር።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲመጣ ጸዳለም ገብታ ፊደል መለየት ጀመረች። አንድ ቀን ፈዲላ እያነበበች ሳለ ጸዳለ እጇን ወደ መጽሐፉ ሰደደች።

«እስቲ ልየው፣ ‹ሐ›ን አውቃታለሁ። ሐቢባ የሚለውን አሳዪኝ።»

ፈዲላ ደነገጠች። ደብተሩን ከነሽፋኑ ከድና ወደ ደረቷ ሳበችው። «እጅሽ ቆሻሻ ነው፣ እትዬ ጸዳለ። የሰው መጽሐፍ ነው» አለቻት።

ጸዳለ እጇን አየችው፤ ቀሚሷ ላይ ጠረገችው። በሚቀጥለው ገበያ መጣች፣ አዳመጠች፤ መጽሐፉን ግን ዳግመኛ አልጠየቀችም።

በ1977 ድርቁ ሲጸና ጸዳለና ባሏ ለሰፈራ ተመዘገቡ። ልትሰናበት ስትመጣ ሐቢባ ገና መንገድ ላይ ነበረች።

«መጨረሻው ምን ይሆናል?» አለች ጸዳለ።

«ገና አልደረስንበትም» አለች ፈዲላ። ተቃቅፈው ተለያዩ።

ሁለት ዓመት ሆነ። ከኢሉባቦር ደብዳቤ መጣ። ፊደሎቹ ትልልቅና የተንጋደዱ ናቸው፤ ጸዳለ ራሷ ነበረች የጻፈችው። «ማንበብ ለምጃለሁ። እዚህ አስተማሪው ቤት መጻሕፍት አሉ። የሐቢባን መጽሐፍ ስሙን ጻፊልኝ፣ ፈልጌ ራሴ አነበዋለሁ» ይላል።

ፈዲላ ደብዳቤውን ይዛ መኪናዋ ላይ አለቀሰች። እውነቱን ልትነግራትና ደብተሮቹን ልትልክላት ቆረጠች። ግን ታሪኩ አላለቀም፤ ጽሑፉም የተሰረዘና የተደለዘ ነው። ጸዳለ በገዛ ዐይኗ ካነበበችው አይቀር ያማረ ይሁን ብላ አዲስ ደብተር ገዝታ መገልበጥ ያዘች። መጨረሻውን ሦስት ጊዜ ጻፈችው፤ ሦስቱንም አልወደደችውም። አጭር መልስ እንኳ አልላከችም፤ ከደብተሩ ጋር አንድ ላይ እልካለሁ እያለች ስምንት ወር አለፈ።

ተሻለች የምትባል የጸዳለ ጎረቤት ከሰፈራው ጠፍታ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። በረንዳው ላይ ተቀምጣ ጸዳለ በክረምቱ በወባ መሞቷን ነገረቻት።

ፈዲላ፣ «ስለኔ ያነሣችው ነገር ነበር?» አለች።

«ደብዳቤ መጣልኝ ወይ እያለች የገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ትመላለስ ነበር። ኋላ ላይ፣ ፈዲላ ተቀይማኝ ይሆናል አለች። አንድ ጊዜ መጽሐፏን በቆሻሻ እጄ ልነካባት ነበር አለች።»

«መጽሐፍ አልነበረም» አለች ፈዲላ። «የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደብተሬን እንዳታይብኝ ነው ወላሂ።»

ለሰው ስትናገረው የመጀመሪያዋ ነበር። ተሻለች ትኩር ብላ አየቻት።

«ታዲያ ለሷ ምነው ሳትነግሪያት?»



የሐቢባን ታሪክ ከዚያ በኋላ አልጨረሰችውም። ማንበቡንስ አልተወችም። ሁለት ጊዜ ሌላ ታሪክ ጀምራ ነበር፤ አንድ ሁለት ገጽ ከጻፈች በኋላ፣ «ተይ፣ እንዲህ አታድርጊያት» የሚላት ሰው እንደሌለ ትዝ ሲላት ብዕሩን አስቀምጣ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።