ባንዲራውን ያወረደው ጊታር

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የእህቴ ልጅ ተመረቀችና ለድግሱ ከጎባ ወደ ሮቤ ወረድኩ። መንገዱ ዛሬ አስፋልት ነው፤ ሚኒባሱ ውስጥ ከጎንህ ከተቀመጠ ሰው ጋር ሰላምታ ሳትጨርስ ትደርሳለህ። ግራና ቀኙ የበልግ ገብስ ለአጨዳ ደርሶ ቢጫ ለብሷል። እህቴ ግቢ ድንኳን ተጥሏል፣ የገብስ ጭኮው በቅቤ ርሶ ቀርቧል፤ አንዴ ጎርሼ ሳልደግም ከድንኳኑ ራስጌ የማውቀው ሳቅ ሰማሁ።

ሊቀመንበር ነው። በደርግ ዘመን ቀበሌያችንን ይመራ ነበር፤ ስሙን አልጠራም፤ ከተማውም አይጠራውም። ደርግ ከወደቀ ስንት ዘመኑ፣ ሰውዬው ግን እስከ ዛሬ «ጋሼ ሊቀመንበር» ነው። ሰርግ ላይ መራቂ፣ እርቅ ላይ ሽማግሌ፣ ድግስ ላይ ደግሞ ቀልድ አዋቂ። ፊት ለፊት ሳገኘው አንቱ እለዋለሁ፤ በልቤ ግን አንተ ካልኩት ቆይቻለሁ።

«ጎባ አንድ እብድ የፊዚክስ አስተማሪ ነበር» ይላል፣ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ። «የፈረንጅ ለቅሶ በድምፅ ማጉያ ለቀቀላችሁና ገበያውን በሙሉ አስለቀሰው! ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እኔ ብቻ በሳቅ ፈረስኩ።»

ድንኳኑ ሳቀ። የተመረቀችው ልጅ ሳትቀር ሳቀች። እኔ እጄን ታጠብኩ። ይህን ቀልድ በየድግሱ ሰምቼዋለሁ፤ በየድግሱም ዕንባው ከሌላ ሰው ዓይን ይወጣል እንጂ ከሱ ዓይን ወጥቶ አያውቅም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። እስቲ እንዴት እንደነበር እኔ ልናገር።

መምህር አስፋው እብድ አልነበረም። ከወሎ ተመድቦ የመጣ፣ የጎባን ብርድ ለመቋቋም ሁለት ሹራብ ደርቦ የሚያስተምር ወጣት ነበር። እኔ ያኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነኝ። ወንድሙ ከአሰብ በሚነሳ መርከብ ላይ ይሠራ ስለነበር አልፎ አልፎ ካሴት ይልክለታል። ከነዚያ አንዱ ከሌላ ካሴት ላይ የተቀዳ ነው፤ በእስክሪብቶ «ጊታር» ከሚል በቀር የተጻፈበት ነገር የለም። የተጫዋቹን ስም እሱም አያውቅ፣ እኔም አላውቅ።

ከትምህርት በኋላ ላብራቶሪው ውስጥ ተቀምጠን እንሰማዋለን። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን እናነቃዋለን። ካሴቱን ወደ ኋላ የምንመልሰውም ድንጋዩን እንዳንጨርስ በእስክሪብቶ እያሽከረከርን ነው። አጀማመሩ ለስላሳ ነበር። ብዙ ቫዮሊን ቀስ ብሎ ይነሳል፤ በመካከሉ አንድ ጊታር እያንዳንዱን ክር ለብቻው እየነካ ያረጀ የአውሮፓ ዜማ ይጫወታል። ይህ ረዘም ብሎ ይቆይና፣ እንቅልፍ ሊወስድህ ሲል ድራሙ ይገባል። ቆርቆሮ ላይ በረዶ ሲወርድ የሰማ የባሌ ሰው ያውቀዋል። ጊታሩ ያው ጊታር፣ ዜማውም ያው ዜማ ነው፤ አሁን ግን በኤሌክትሪክ እየጮኸ፣ የሰው ጣት ይደርስበታል በማትለው ፍጥነት ይሮጣል። መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ጆሮዬን ያዝኩ።

«ይሄ ደግሞ የምን ጩኸት ነው መምህር?»

«ጩኸት አይደለም፤ ቅድም ያለውን ነው የሚደግመው» አለኝ። «ቅድም ለመነሽ፣ አልሰማ ስትይው ተቆጣሽ። ደግመሽ ስሚው።»

ደግሜ ሰማሁት። እውነቱን ነበር።

ለስላሳውን ክፍል በራሱ ቦክስ ጊታር አስተማረኝ። ብርዱ ጣት ስለሚያደነዝዝ እጄን ብብቴ ውስጥ እያሞቅሁ ነው የተማርኩት። አባቴ የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ «ሴት ልጅ ጊታር?» ብሎ አኩርፎ ሰነበተ። በኋላ ግን አመሻሽ ላይ ስለማመድ በሩን ገርበብ አድርጎ ሲያዳምጥ ያዝኩት። ቀና ስል ደብተር እንደሚፈልግ ሰው ሆነ።

ከዚያ ወሬ መጣ። ለሙዚቃ ትምህርት ተማሪ የሚመርጡ ሰዎች ከአዲስ አበባ ባሌ ድረስ ሊመጡ ነው። መምህር አስፋው ስሜን አስያዘ። በገበያ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በቀበሌው አዳራሽ እጫወታለሁ፤ ከተመረጥኩ አዲስ አበባ ገብቼ ሙዚቃ እማራለሁ። በዕድሜዬ ያንን ያህል የፈለግሁት ነገር የለም። ልጆቼ ይቅር ይበሉኝ።

የአዳራሹ ማጉያ አንድ ጠባይ ነበረው። ስብሰባ ሲጠራ «አልሰማሁም» የሚል ሰው እንዳይኖር፣ ማጉያው በተከፈተ ቁጥር ውጭ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ጡሩምባም አብሮ እንዲከፈት ተደርጎ ታስሯል። ለብቻው አይዘጋም። እንዲያ እንዲሆን ያዘዘው ደግሞ ሊቀመንበር ራሱ ነው። የቀበሌው የኪነት ቡድን ልጆች ሲለማመዱ ዘፈናቸው ገበያው ድረስ ይሰማል፤ ቅር ያለው ሰው አልነበረም። ስለዚህ በዚያ የገበያ ቀን ጠዋት መምህር አስፋው ድምፁን ሊሞክር ካሴቱን ሲከት፣ ሁለታችንም ምንም አላሰብንም።

አሁን ለወጣቶች መንገር ያለብኝ ነገር አለ። በዚያ ዘመን ራዲዮ ዘፈኑን አቋርጦ ቃል የሌለው ቀዝቃዛ ሙዚቃ ከለቀቀ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ትልቅ ሰው ሞቷል። ማን እንደሆነ እስኪነገር ሥራ አቁሞ መጠበቅ ነው። ቃል የሌለው ሙዚቃ ለደስታም ይሆናል ብሎ ማን አስተማረን? እኔና መምህር አስፋው ደግሞ ከዚያ ካሴት ጋር ከርመን፣ ለቅሶ ሊመስል መቻሉ በህልማችንም አልመጣም።

ቫዮሊኑ ተነሳ። በመስኮት ስመለከት ገበያው ጸጥ ብሏል። ገብስ ይሰፍር የነበረው ሰውዬ ቁናውን እንደያዘ ቀረ። ሽንኩርት ሻጮቹ ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። ጨው ተራ ያሉት ሽማግሌ መዳፋቸውን ዘርግተው «ኢና ሊላሂ» አሉ። መስኮቱ ሥር ከሪራ ማር እያመጣች የምትሸጠው አዴ ፋጡማ ቀና ብላ አየችኝ።

«ትርሲት፣ ኤኙቱ ዱኤ?» አለችኝ። ማን ሞተ ማለቷ ነው።

«ማንም አልሞተም አዴ! ሙዚቃ ነው!»

«እንግዲያ ገና አልተነገረም ማለት ነዋ» አለችና የማሯን ቅል ከደነች።

ልናጠፋው ዞር ስንል ሊቀመንበር ካፖርቱን እየቆለፈ ከቢሮው ሮጦ ወጣ። እሱን ስናይ ማጥፋቱን ረስተን ባለንበት ቀረን። ኮፍያውን አወለቀ። የባንዲራው ምሰሶ ሥር ደርሶ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ ገመዱን ፈታና ባንዲራውን በገዛ እጁ እስከ ግማሽ አወረደው። ከዚያ ወደ ገበያው ዞረ። ዕንባው ጉንጩ ላይ ይታይ ነበር፤ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።

«ጓዶች!» ብሎ ጮኸ። «ታላቅ ኀዘን ደርሶብናል! ታላቁን መሪያችንን አጥተናል!»

ሴቶቹ እሪ አሉ። ድራሙ የገባው ያኔ ነው።

ጡሩምባው ምሰሶው ላይ ተንቀጠቀጠ። አህዮች ገመዳቸውን በጥሰው በሽንኩርቱ መሀል ሮጡ። ጊታሩ ይጮኻል፣ ሊቀመንበር አፉን ከፍቶ ቆሟል፣ ባንዲራው ግማሽ ላይ ነው። ከገብስ ተራ አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው፤ ሌላው ተከተለ። መሪው ግን አዲስ አበባ በሕይወት አለ። በዚያ መንግሥት ዘመን እንዲህ ያለው ስህተት ምን እንደሚያስከትል ከማንም በላይ የሚያውቀው ሊቀመንበር ነው። በመፍራቱ አልፈርድበትም። የምፈርድበት ፍርሃቱን ለሌላ ሰው በማሸከሙ ነው።

ጠባቂዎቹን አስከትሎ አዳራሹ ገባ።

«በመሪያችን ሞት የሚያላግጠው ማነው?»

«ሙዚቃ ነው ጓድ ሊቀመንበር» አለ መምህር አስፋው። «ለከሰዓቱ ድምፅ እየሞከርን ነው።»

«ባንዲራ አስወርደሃል!»

«ባንዲራውን ያወረዱት እርስዎ ነዎት!»

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። ጥፊው ግን ያረፈው መምህር አስፋው ላይ ነው። ዘመን የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል ይባል የለ። ሊቀመንበር ካሴቱን ከቴፑ አውጥቶ ክሩን እንደ በግ አንጀት ዘረገፈውና በመስኮት ወረወረው። ጊታሩን «ማስረጃ ነው» ብለው ወሰዱት። መምህር አስፋውን እየገፈተሩ ሲያወጡት ወደኔ ዞሮ «ጣትሽን አሙቂ፣ ይመጣሉ» አለኝ። ታስሮ ሰነበተ፤ ከዚያ ወደ ቆላ ተዛወረ ተባለ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም፤ የት እንዳለም የሚነግረኝ አላገኘሁም።

ከአዲስ አበባ የሚጠበቁት ሰዎች እንዳለው መጡ። ሊቀመንበር በር ላይ ጠብቆ «ፕሮግራሙ ተሰርዟል፣ የተዘጋጀ ተማሪም የለም» አላቸው። እኔ እዚያው በሩ ሥር ቆሜ ነበር። «እኔ አለሁ» አልኩ፤ ጠባቂው ትከሻዬን ይዞ ወደ ኋላ ሳበኝ። ምሳቸውን በልተው በኮረኮንቹ አቧራ እያስነሱ ሄዱ። አንዷ ሴትዮ ከመኪናው መስኮት ሆና ፈገግ አለችልኝ፤ ማን እንደሆንኩ አላወቀችም።

ይህ ሁሉ ሆኖ ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። «ልጅቱ ሊቀመንበርን ተዳፍራለች» ተባለና አባቴ ፈራ። ሽማግሌ ሰበሰበ፤ ማር ተይዞ ይቅርታ እንዲጠየቅ ተወሰነ። ማሩን ልንገዛ ስንሄድ አዴ ፋጡማ ለማን እንደሆነ ጠየቀችን። ሰምታ ምራቋን እንትፍ አለች።

«ላልሞተ ሰው ያስለቀሰን አንሶ ማርም ይብላ?» አለች። ግን ሰጠችን፤ ምን ታድርግ?

ሄደን የሊቀመንበርን ጉልበት ሳምኩ። ማሩን ተቀብሎ በጣቱ ቀመሰና «ልጅ ናት፣ ይቅር ብያታለሁ» አለ። እሱ ነው እኔን ይቅር ያለው! አባቴ ወደ ቤት ስንመለስ መንገዱን በሙሉ ቀና ብሎ አላየኝም። ቁጣ በዕድሜ ይበርዳል የሚሉኝን አልሰማቸውም።

የካሴቱ ክር የአዳራሹ አጥር ላይ ተጠምጥሞ ክረምቱን ከረመ። ገበያተኞቹ ጥንካሬውን አይተው የጎመን እስር ማሰሪያ አደረጉት። እናቴም ሳታውቅ ገዝታ ገባች። ክሩን ከጎመኑ ላይ ፈትቼ ጠቅልዬ አስቀመጥኩት፤ በኋላ ቤት ስንቀይር ጠፋ።

እኔ ኬሚስትሪ አስተማሪ ሆንኩ፣ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ክፉ ኑሮ አልኖርኩም። ጊታር ግን ዳግም አልነካሁም። አምና አዲስ አበባ ልጄ ዘንድ ሳለሁ ዜማውን ሳንጎራጉር ሰማችኝና በስልኳ ስታፈላልግ፣ ይህን ዓይነት ሙዚቃ የሚወዱ ጓደኞቿን ስትጠይቅ ከርማ አገኘችው። ስልኬ ላይ ጫነችልኝ። ለስላሳውን ክፍል ሰምቼ አልጠግብም። ድራሙ ሊገባ ሲል ግን እጄ ፈጥኖ ይዘጋዋል፤ ከዚያ ጠዋት ወዲህ አንድ ቀን አልፌው አላውቅም።

እንግዲህ በዚያ በሮቤው ድንኳን ሳቁ ሳይበርድ ስልኬን አወጣሁ። ሙዚቃ የሚያጫውተውን ልጅ «ይሄን አገናኝልኝ» አልኩት። የቫዮሊኑ ድምፅ በትልቁ ስፒከር ድንኳኑን ሞላው። ወጣቶቹ ግር ብሏቸው ተያዩ። ትልልቆቹ ግን ወሬያቸውን አቆሙ፤ አንዲት ባልቴት እጇ ወደ ነጠላዋ ሄደ። ሊቀመንበርን አየሁት። ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። እጁ ሳያዘው ተነሳና ባርኔጣውን አወለቀ። በትሩን ተደግፎ ከወንበሩ ብድግ ማለት ጀመረ።

አጠገቡ ሄድኩ።

«ጋሼ ሊቀመንበር» አልኩት፣ «ኤኙቱ ዱኤ?»

አየኝ። ከዚያ እጁ ላይ ያለውን ባርኔጣ አየ። ድንኳኑ ውስጥ የሳቀ ሰው አልነበረም። የተመረቀችው ልጅ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ።

«አክስቴ፣ ምንድን ነው ነገሩ?»

«ቁጭ በይ» አልኳት። «ጋሼ የነገሩሽ ቀልድ መጀመሪያው ጎድሏል፤ እኔ ልሙላልሽ።»

ነገርኳት። ማን ባንዲራውን እንዳወረደ፣ ማን እንዳለቀሰ፣ ማን እንደተመታ፣ ሁሉም እየሰማ ነገርኳት። መሀል ላይ ድራሙ ገባ። አልዘጋሁትም። ጊታሩ እየጮኸ፣ ቅድም በልመና ያለውን በቁጣ ሲደግም፣ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።

ሊቀመንበር «ነፋሱ አልተስማማኝም» ብሎ ልጁን ጠርቶ ሄደ። ይቅርታ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠበቅሁም። እህቴ ግን እስከ ዛሬ አኩርፋኛለች። የልጄን ድግስ አበላሸሽ፣ ሽማግሌ አዋረድሽ፣ ሄደሽ ይቅር ይበሉኝ በያቸው ትላለች። ትናንት ደግሞ ማር ይዘሽ ሂጂ እንዲሉኝ ጎረቤቶቿን ልካብኝ ነበር።

የሪራ ማር ቤቴ ሞልቷል። ዳቦዬን ቀብቼበት፣ ሙዚቃዬን ከፍቼ፣ ራሴው እበላዋለሁ።