ከመደርደሪያ የወጣው የገብስ ጥናት

ደባርቅ ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት እሠራለሁ። የመምህራኑን ጥናቶች ማንም ሰው በነፃ እንዲያነባቸው ኢንተርኔት ላይ የማስቀመጡ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። እስከዚያ ድረስ ጥናቶቹ በጥቁር ልባስ ተጠርዘው ከኋላ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጡ ነው የኖሩት። ስካን ማድረጉ አልከበደኝም፤ የከበደኝ ባለቤቶቹን ማስፈቀዱ ነው። አንዳንዱ ይሰርቁብኛል ብሎ ይፈራል፣ ሌላው ነገ ዛሬ እያለ ያመላልሰኛል።

ከሁሉም የቸገረኝ ግን የዳባት ተወላጅ የሆነ የእርሻ መምህር ነበር። ጥናቱ የጃናሞራ ገበሬዎች የገብስ ዘር እንዴት እንደሚመርጡና እንደሚያቆዩ ይናገራል። ካነበብኳቸው ጥናቶች ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። ፈቃድ ስጠይቀው፣ የነገሩትን ሰዎች ሳያማክር ለዓለም መበተኑ እንደሚከብደው ነገረኝ።

እውነቱን ነው። «እንግዲያው ሄደን እንጠይቃቸው» አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ጃናሞራዋ ከተማ ወደ መካነ ብርሃን በሚሄድ መኪና ተሳፈርን። ከከተማው በእግር ወርደን አብዛኛውን ነገር የነገሩትን አዛውንት ሴት ገበሬ ማሳቸው ውስጥ ሲያርሙ አገኘናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ እርሻውን የሚያስተዳድሩት እሳቸው ናቸው። መምህሩን እንዳዩት አወቁት፤ ጉንጩን እየሳሙ የት ጠፍተህ ነው ብለው ወቀሱት። እሱም ከፈቀዱ ጽሑፉ በስልክ እንደሚነበብ፣ ጎንደርም ባሕር ማዶም ያለ ሰው ሳይከፍል እንደሚያገኘው አስረዳቸው።

«እስከ ዛሬስ የት ነበር?» አሉት።

«ቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ነበር፣ እማማ።»

«ለሰው ካልነገርከውማ ለምን ጠየቅኸኝ ታዲያ፣ ልጄ?»

መምህሩ አቀርቅሮ ፈገግ አለ። ጎረቤቶቻቸውን አስጠሩና ከማሳው ዳር ተቀምጠን መከርን፤ የተቃወመ አልነበረም። ከዚያ ትንሽ እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ስለሆነ እየተረጎምኩ አነበብኩ። መንደራቸው በስሟ ፈንታ «ቦታ ሁለት» ተብላ መጻፏን ሲሰሙ አዛውንቷ ሳቁ።

«እኛ እኮ ስም አለን» አሉ።

የእሳቸው ስም ቢቀር ግድ እንደሌላቸው፣ የመንደሩ ግን እንዲገባ አሳሰቡ። መምህሩ እዚያው ቃል ገባ፤ ሰኞ ሳይረፍድ ማስተካከያውን ጽፎ አመጣልኝ። እኔም በአማርኛ አጠር ያለ ማብራሪያ እንዲጨምርበት ለመንኩት። ተቀምጠን አብረን ጻፍነው፤ ከሰዓት በኋላ ጥናቱን ኢንተርኔት ላይ ለሁሉም ከፈትኩት። ያን ቀን ደስ ብሎኝ ወደ ቤቴ ገባሁ።

ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ጥናት ሲገባ የአማርኛ ማብራሪያ እንጠይቃለን። ባለፈው ሳምንት አምባ ጊዮርጊስ የሚሠራ የግብርና ባለሙያ ደወለልኝ። የገብሱን ጥናት ማብራሪያ በስልኩ ለገበሬዎች አንብቦላቸው ኖሮ፣ ዘሩን ማየት እንደሚፈልጉ ነገረኝ። ከመምህሩ ጋር አገናኘሁት። ገብሱ ሲደርስ ገበሬዎቹን ይዘው ወደ ጃናሞራ አብረው ሊሄዱ ተስማምተዋል፤ ለእኔም መኪናው ላይ ቦታ ይዘንልሻል ብለውኛል።